የቻይና ምግብ በኮምቦልቻና በደሴ፦ የትኛው ቤት ለየትኛው ገበታ?

ወሎ ውስጥ ምግብ ቤት የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይጣፍጣል ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ጠረጴዛ ከበው የየራሳቸውን ሥጋ ለይተው የሚያዝዙበት አገር ነው። ነገሩ ከጥብስና ከሽሮ ወጥቶ ወደ ቻይና ምግብ ሲሻገር ግን ይኸው ጥያቄ ይረሳል። ሰው ስለ ቾፕስቲክ አያያዝ ይጨነቃል፤ ሩዙ የተጠበሰበት ስብ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ይበላል።

ይህ መመሪያ ቤት በስም እየጠራ አያወድስም። ትንሽ ምግብ ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አብሳዩ ሲሄድ ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል። ቶሎ የማይለወጠው የቤቶቹ ዓይነት ስለሆነ የምናነጻጽረው እሱን ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርኳን የገነባው ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው። ሠራተኛ ባለበት የሠራተኛው ምግብ ይከተላልና፣ ቻይናዊ አብሳይ ያለበት ትንሽ ቤት የሚፈለገው ከዚያ ወገን ነው። ደሴ የገበያና የእንግዳ ከተማ ስለሆነች እዚያ የቻይና ምግብ የመገኘት ዕድሉ በሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ውስጥ ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዓይነት አለ፦ በፕሮጀክት ካምፕ ከቻይናውያን ጋር አብስሎ ሙያውን የቀሰመ ኢትዮጵያዊ የከፈተው ቤት። አራተኛው አማራጭ የራስ ምድጃ ነው፤ ብዙ ሰው ባይቆጥረውም።

ከመቀመጥ በፊት የሚመዘነው

ሥጋና ስብ። በአሳማ ነገር የወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም አይበሉትም። በቻይና ወጥ ቤት ግን አሳማ ዋናው ሥጋ ነው። ችግሩ በግልጽ «የአሳማ ሥጋ» ተብሎ የተጻፈው አይደለም፤ እሱን ማንም አያዝዘውም። ችግሩ አሳማ እንደ ማጣፈጫ የሚገባበት ቦታ ነው። ደበርጃንና ፎሶሊያ ሲጠበሱ ጥቂት የተፈጨ ሥጋ ይጨመርባቸዋል። ማፖ ቶፉ የሚባለው ሲቹዋን የተባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ምግብ ከቶፉ፣ ማለትም እንደ አይብ ከረጋ የአኩሪ አተር ወተት፣ ስለሚሠራ ብዙዎች የጾም ይመስላቸዋል፤ በተለመደው አሠራሩ ግን የበሬ ወይም የአሳማ የተፈጨ ሥጋ አለበት። ጂያውዚ፣ ማለትም በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀለው፣ እንደ ሳምቡሳ ውስጡ ሳይታይ ነው የሚቀርበው፤ እጅግ የተለመደው ሙሌቱ የአሳማ ሥጋና ጥቅል ጎመን ነው። ከሁሉም የሚሰወረው ደግሞ ስቡ ነው። የአሳማ ስብ በአንዳንድ ወጥ ቤቶች በዘይት ፋንታ ስለሚገባ አንድ ቁራጭ ሥጋ የሌለበት ቆስጣ እንኳ በእሱ ተጠብሶ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ «አሳማ አለበት?» ብሎ ስለ አንድ ሳህን መጠየቅ አይበቃም። ትክክለኛው ጥያቄ «በዚህ ወጥ ቤት አሳማ ይገባል?» የሚለው ነው። የሚገባ ከሆነ መጥበሻውም፣ መክተፊያውም፣ ዘይቱም የጋራ ነው፤ አስተናጋጁ «ለእናንተ ለይተን እንሠራለን» ቢልም ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ መለየት ቀላል አይደለም። አይገባም ከተባለ ቀጥሎ ዶሮውና በሬው ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደሚመጣ ይጠይቁ። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጽሑፍ ይልቅ ሰፈሩ የሚያውቀው የሥጋ ቤት ስም ይታመናል። ሙስሊም ደንበኛ ሌላም ጥያቄ አለው፦ ሥጋው ከመጠበሱ በፊት በሩዝ ወይን ይታሻል ወይ? ይህ በቻይና አበሳሰል የተለመደ ነው፤ አስቀድሞ «ያለ ወይን» ካሉ ግን ይቀራል።

ይህ ሁሉ ሲነገር የቻይና ምግብ በሙሉ ለሙስሊም የማይሆን እንዳይመስል። በቻይና የሁዪ ሙስሊሞች ለዘመናት ሐላል ሲያበስሉ ኖረዋል፤ በመላ አገሪቱ የሚሸጠው የላንጆ የበሬ ሥጋ ኑድል የእነሱ ነው። ሊጡ በእጅ እየተጎተተ ወደ ክር ይለወጣል፣ በጠራ የበሬ መረቅ ላይ ይቀርባል። በዝርዝሩ ላይ ይህ ካለና አብሳዩም ከዚያ ወገን ከሆነ ከላይ ያለው ጥያቄ ግማሹ ተመልሷል።

ጾም። እዚህ ላይ የቻይና ወጥ ቤት ያግዛል፦ ቅቤና ወተት የማያውቅ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም የሚያስቸግሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እንቁላል ነው፤ በተጠበሰ ሩዝ ውስጥ ሳይጠየቅ ይገባል፣ አንዳንዱ ኑድልም በእንቁላል የታሸ ነው። ሁለተኛው የዶሮ ወይም የአጥንት መረቅ ነው፤ ለአትክልት ሾርባ መሠረት ይሆናል። ሦስተኛው ኦይስተር ሶስ ነው፤ ጥቁርና ጣፋጭ ሆኖ ሶያ ሶስ ይመስላል እንጂ ከባሕር እንስሳ የሚወጣ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች አስወጥተው በአትክልት ዘይት እንዲሠራ ካዘዙ ገበታው ሰፊ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርስ።

ዋጋ በሰው። የቻይና ገበታ ለብቸኛ ሰው አልተሠራም። ሳህኖቹ መሐል ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ተመጋቢ የሚመጣው ነጭ ሩዝ ብቻ ነው። በአንድ ትሪ ለሚበላ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሆኖም ብዙ ሰው ገብቶ ለየራሱ አንድ አንድ ሳህን ያዝዝና «ውድ ነው» ብሎ ይወጣል። ለስሌት ያህል አንድ ሳህን 500 ብር፣ አንድ ጎድጓዳ ሩዝ 60 ብር ነው እንበል። ብቻውን የመጣ ሰው 560 ብር ይከፍላል። አራት ሰዎች ሦስት ሳህንና አራት ሩዝ ቢያዝዙ ጠቅላላው 1,740፣ በሰው 435 ብር ይሆናል። ስድስት ሰዎች በአራት ሳህን በሰው 400 ብር አይሞላባቸውም። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክሱ በዝርዝሩ ዋጋ ውስጥ መግባቱን ይጠይቁ፤ በሆቴሎች የአገልግሎት ክፍያም ሊኖር ይችላል። ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚበላ ሰው የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ከምግቡ ዋጋ ላይ ይደምረው፤ ምሽት ላይ ከሆነ የመመለሻውንም ነገር አስቀድሞ ያስብ።

ትኩስነት። በትልቅ እሳት፣ በጥቂት ደቂቃ ተጠብሶ ወዲያው የሚቀርብ ምግብ ስለሆነ በዚህ በኩል ከብዙ ቤቶች ይሻላል። አንድ ደካማ ጎን አለው፤ እሱም ሩዙ ነው። ጥሩ የተጠበሰ ሩዝ የሚወጣው ቀድሞ ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ ሩዝ ነው። የቀዘቀዘው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሆነ ችግር የለበትም። በባልዲ ተከድኖ ወጥ ቤቱ ጥግ የዋለ ከሆነ ግን ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባበታል፤ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ ሩዙ እንደገና ቢጠበስም አይጠፋም። ይህ ከደሴ ብርድ ይልቅ በኮምቦልቻ ሙቀት ያሳስባል፤ መብራት በሚቋረጥበት ቀን ደግሞ ይብሳል። መብራት ጠፍቶ ከዋለ ነጭ ሩዝ ይዘዙ፤ «አሁን የተቀቀለ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጨው። ስለ ነጩ የጣዕም ዱቄት፣ ስለ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት፣ የሚወራው ፍርሃት ከልኩ ያለፈ ነው። የሚያሳስበው ሶያ ሶስ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 900 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ይመክራል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ሶሱ ቀንሶ እንዲመጣለት ያስነግር፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው ጠርሙስም እጁን ይሰብስብ።

አራቱ አማራጮች

*ቻይናዊ አብሳይ ያለበት ትንሽ ቤት።* ፕላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በፎቶ የተሞላ ዝርዝር፣ ሳይጠየቅ የሚመጣ ትኩስ ሻይ ወይም ሙቅ ውኃ። ጣዕምን ብቻ ብንመዝን የሚወዳደረው የለም፤ አብሳዩ የሚሠራው በየቀኑ ለሚመጡት ያገሩ ሰዎች ስለሆነ አያለሳልስም። የሲቹዋን ሰው ከሆነ ከበርበሬው ጋር ምላስ የሚያደነዝዝ ፍሬ ይጨምራል፤ በርበሬ የለመደ ወሎዬ ማቃጠሉን ይችለዋል፣ ድንዛዜው ግን ያስደነግጠዋል፤ ጉዳት የለውም። ዶሮው ከነአጥንቱ በጥቃቅኑ ተቆርጦ ስለሚመጣ ለሕፃናት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሳህኖቹ አንድ ላይ አይመጡም፤ የደረሰው ይቀርባል፣ ሌላው ይከተላል። አስተናጋጅ ዘገየ ብሎ መቆጣት ዋጋ የለውም።

የዚህ ቤት ድካም የመጀመሪያው መመዘኛችን ላይ ነው። አሳማ የመግባት ዕድሉ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍተኛ ነው፤ አብሳዩም አማርኛ ላይችል ይችላል። ጥያቄውን ለአብሳዩ ሳይሆን አትክልቱንና ሥጋውን ለምትገዛው ወይም ለሚገዛው ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ያቅርቡ፤ ዘንቢሉን የተሸከመ ሰው ምን እንደገባ ያውቃል። የቻይና አዲስ ዓመት ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚውል በዚያ ሰሞን አብሳዩ ወደ አገሩ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ደውለው ይሂዱ።

*የሆቴሉ የቻይና ገጽ።* በሆቴል ዝርዝር ውስጥ ከፓስታና ከፒዛ ቀጥሎ የተጠበሰ ሩዝ፣ ኑድል በዶሮ፣ ጣፋጭና ኮምጣጣ ዶሮ ተጽፎ ይገኛል። በእውነቱ ይህ የቻይና ምግብ የሚባለው በብድር ነው፤ ሶሱ ከኬቻፕ ነው የሚጀምረው። ያም ሆኖ አያጣጥሉት። ሥጋው ሆቴሉ ለክትፎውና ለጥብሱ ከሚገዛበት ቦታ ስለሚመጣ የወሎው ጥያቄ በአንድ ቃል ይመለሳል። አያት ሽሮ፣ ልጅ ሩዝ፣ አባት ጥብስ ሊያዝዙ ይችላሉ። እጅ መታጠቢያውና መጸዳጃው ብዙውን ጊዜ ይሻላል። የሚጎዳው ኪስን ነው፦ በየግል ሳህን የሚቀርብ ስለሆነ የመጋራት ቅናሽ የለም፣ ታክሱና ክፍያውም ይጨመራል። ከዚህ ገጽ ማዘዝ ካለብዎት ኑድሉን ይምረጡ፤ ጣፋጭና ኮምጣጣ የተባለውን ይተዉት።

*ከካምፕ የወጣ ኢትዮጵያዊ አብሳይ ቤት።* እንዲህ ያለ ቤት ከተገኘ፣ በእኔ ሚዛን ለአብዛኛው ሰው የሚስማማው ይህ ነው። እሳቱንና ቢላውን ከቻይናውያን ተምሯል፤ የእኛን የሥጋ ወግና ጾም ደግሞ ከእናቱ ቤት ያውቃል። «የጾም አድርገው» ሲባል ሦስቱን ነገሮች ማስወጣት እንዳለበት አይነገረውም። ዋጋውም ሰፈር ያለው ሰው የሚችለው መሆን አለበት፣ አለዚያ አይቆይም። ጉድለቱ የዝርዝሩ ማጠር ነው፤ የሚችላቸውን ጥቂት ምግቦች ደጋግሞ ይሠራል፤ ቶፉና እንጉዳይ ሲጠፋ በካሮትና በጥቅል ጎመን ይተካዋል። መጥፎ ምልክቱ እንጀራ ፍርፍርም፣ በርገርም፣ የቻይና ምግብም እኩል በትልቅ ፊደል የጻፈ ሰሌዳ ነው። ሁሉን የሚሠራ ትንሽ ቤት ለመጥበሻው የሚበቃ እሳት የለውም።

*የራስ ምድጃ።* ሶያ ሶስ፣ ኮምጣጤ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ደረቅ በርበሬ፦ ከሶሱ በቀር ሁሉም በማንኛውም ጓዳ አለ። በቻይና ቤቶች በየቀኑ ከሚበሉት አንዱ ኮምጣጤ የገባበት የድንች ጥብስ ነው። ድንቹ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ይከተፋል፤ ስታርቹ እስኪወጣ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ በደንብ ይጠፈፋል። በጋለ ዘይት ላይ ደረቅ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ከገባ በኋላ ድንቹ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ይገላበጣል፤ መጨረሻ ላይ ጨውና ኮምጣጤ። ሲቆረጠም ድምፅ መስጠት አለበት፤ እናቶቻችን «አልበሰለም» ቢሉም ግድ የለም። ሙሉ በሙሉ የጾም ነው። ለፍስክ ቀን ደግሞ ቲማቲም በእንቁላል አለ፤ እንቁላሉ ለብቻው ተጠብሶ ይወጣል፣ ቲማቲሙ ሲፈርስ ይመለሳል፣ በነጭ ሩዝ ይበላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ እሳት ደካማ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ የሚበቃ አይጣዱ፤ አትክልቱ ከመጠበስ ይልቅ በራሱ ውኃ ይቀቀላል።

| መመዘኛ | ቻይናዊ አብሳይ ያለው ትንሽ ቤት | የሆቴሉ የቻይና ገጽ | ከካምፕ የወጣ ኢትዮጵያዊ አብሳይ | የራስ ምድጃ |
|---|---|---|---|---|
| የሥጋና የስብ እርግጠኝነት | ዝቅተኛ፤ ብዙ ይጠየቃል | ከፍተኛ | ከፍተኛ፤ አንድ ጊዜ ይጠየቃል | ሙሉ |
| ለጾም ቀን | ሰፊ ነው፤ መግባባት ከተቻለ | ጠባብ | ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ዋጋ ለአንድ ሰው | ውድ | ውድ | መካከለኛ | ርካሽ |
| ዋጋ ለአራት ሰውና ከዚያ በላይ | መካከለኛ | ውድ | ርካሽ | በጣም ርካሽ |
| ጣዕም | የአገሩ | የተለሳለሰ | ጥቂቱ በጣም ጥሩ | እንደ እጅዎ |
| ለሕፃናትና ለአረጋውያን | አይመችም | ይመቻል | ደህና | ይመቻል |
| የመገኘት ዕድል | ኮምቦልቻ ይበልጣል | ደሴ ይበልጣል | አፈላልጎ | የትም |

ለማን የትኛው

ሙስሊምና ክርስቲያን የተቀላቀለበት የሥራ ባልደረቦች ቡድን ከሆነ ቀላሉ መንገድ ሥጋን ከጋራ ገበታ ማውጣት ነው። ሦስተኛው ዓይነት ቤት ይሂዱና የድንች፣ የቆስጣ፣ የቶፉና የደበርጃን ሳህኖች መሐል ያስቀምጡ፤ ሥጋ የፈለገ ለብቻው ከፊቱ ያስመጣ። በተለይ ሆት ፖት የሚባለውን፣ ሁሉም ጥሬ ሥጋና አትክልት እየከተተ የሚያበስልበትን የጋራ መረቅ፣ ለእንዲህ ያለ ቡድን አልመክርም። አንድ ሰው የከተተው የሁሉም ይሆናል፤ በጨዋነት ዝም ብሎ ሳይበላ የሚያድር ሰው አይጠፋም።

ወላጆችንና ልጆችን ይዞ የሚወጣ ደሴ ላይ ሆቴል ይምረጥ፤ አንድ ኑድልና ሌላውን ከአገር ምግብ ቢያዝዝ ሒሳቡም ይቀላል። ግፊት ያለባቸው አባት ካሉ ሾርባውን ይዝለሉ፤ ጨው ሊበዛበት ይችላል።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ግቢ ያለ፣ ብቻውን አይሂድ። አራት ሆነው፣ ሦስት ሳህን፣ አንዱ የግድ የድንቹ፣ አንዱ እንቁላል በቲማቲም። ሥጋ ያለበት ሦስተኛው ብቻ ይሁን። ለስላሳ መጠጡን ትቶ የቀረበውን ሻይ መጠጣት ከሒሳቡ ብዙ ያወርዳል።

ቻይናዊ ደንበኛ ወይም የሥራ አጋር የሚጋብዝ ሰው ሆቴል ወስዶ ኬቻፕ ያለበት ዶሮ አያብላው። ወይ የአገሩ ሰው የሚያበስልበት ቤት ይውሰደው፣ ወይ ጭራሹን በየዓይነቱ ያቅርብለት፤ መካከለኛው ነው የሚያሳፍረው። ለእንዲህ ያለው ግብዣ አንድ ጥሩ ሐሳብ ዓሣ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ባለው በሐይቅ የሚጠመደው ቆሮሶ፣ ከነጭንቅላቱ በእንፋሎት በስሎ ዝንጅብልና ቀጭን ሽንኩርት ተነስንሶበት፣ የጋለ ዘይት ሲፈስበት ለቻይናዊ ትልቅ ክብር ነው፤ የአራጁም ጥያቄ አይነሳበትም። ዓሣው በየቀኑ ስለማይገኝ ከአንድ ቀን በፊት ማዘዝ ያስፈልጋል። ሲመጣም ዓይኑ የጠራ፣ ከጭንቅላቱ ጎን ያለው መተንፈሻው ቀይ መሆኑን ከመብሰሉ በፊት ወጥ ቤት ገብተው ይዩ፤ ትንሽ ቤት ይህን አይከለክልም።